የሁለት ደቂቃው ፊልም በደሳ እንዴት ይደርሳል

«በቅርብ ቀን በሁሉም ሲኒማ ቤቶች!» የሚለውን ወፍራም ድምፅ የአማርኛ ፊልም የሚከታተል ሁሉ ያውቀዋል። ከበስተኋላ ከበሮ ይመታል፣ መኪና ይከንፋል፣ አንዲት ሴት ታለቅሳለች፣ በር በኃይል ይዘጋል፣ ከዚያ ጨለማ። ሁለት ደቂቃ ቢሆን ነው። ትሬለር ይሉታል፤ ትልቁን ፊልም ለመሸጥ የሚሠራ ትንሽ ፊልም ነው። «ሁሉም ሲኒማ ቤቶች» ከሚባሉት አብዛኞቹ ግን ያሉት አዲስ አበባ ነው። ከዚያ ተነስቶ አዋሽንና ሚኤሶን አልፎ ጭሮ፣ በቀድሞ ስሟ አሰበ ተፈሪ፣ ለመግባት 325 ኪሎ ሜትር ገደማ መጓዝ ያስፈልጋል። ምዕራብ ሐረርጌ ውስጥ ወዳለችው በደሳ የሚሄድ ሰው ደግሞ ጭሮ ላይ የሐረሩን አውራ ጎዳና ትቶ በኩኒ በኩል ወደ ገለምሶ የሚወስደውን መንገድ ይይዛል። እዚያ ላለ ተመልካች ትሬለሩ ከፊልሙ ቀድሞ ይደርሰዋል፤ አንዳንዴ ትሬለሩ ደርሶ ፊልሙ ሳይደርስ ይቀራል። ያ የሁለት ደቂቃ ምስል በምን ዓይነት ፋይል ተጠቅልሎ እንደሚጓዝ ማወቅ ከማንም በላይ የሚጠቅመው እንዲህ ያለውን ተመልካች ነው። ይህን ጽሑፍም የጻፍኩት ለእሱ ነው።

ፎርማት ስንል ብዙ ጊዜ ሁለት ነገሮችን ደርበን ነው የምንጠራው። በፋይሉ ስም ጫፍ ላይ የምናያቸው ኤምፒ4፣ ኤቪአይ፣ ኤምኬቪ፣ 3ጂፒ የሚሉት የመያዣው ስሞች ናቸው። ውስጥ ያለው ምስል በምን ስልት እንደታመቀ አይናገሩም። የማመቂያው ስልት ኮዴክ ይባላል፤ ኤች.264፣ ቪፒ9፣ ኤቪ1 የሚባሉት እነዚህ ናቸው። በደሳ የቡና አገር ናትና በጆንያ ላስረዳ። ሁለት ጆንያዎች አንድ ዓይነት ምልክት ተጽፎባቸው አንዱ ጀንፈል፣ ሌላው የተቀሸረ ቡና ሊይዝ ይችላል፤ ገዢው ምልክቱን አንብቦ ብቻ ሒሳብ አይከፍልም። ሁለት ትሬለሮች ኤምፒ4 ተብለው አንዱ ወዲያው ሲከፈት ሌላው «ፎርማቱ አይደገፍም» የሚል መልእክት የሚያመጣው በዚህ ምክንያት ነው፤ መያዣቸው አንድ ሆኖ ውስጣቸው ይለያያል።

ድምፁም ከምስሉ ተለይቶ በራሱ ኮዴክ ነው የሚታመቀው። ምስሉ እየሄደ ድምፅ የጠፋበት ሰው ስልኬ ተበላሸ ብሎ ይደነግጣል። ብዙ ጊዜ ስልኩ ደህና ነው። ፋይሉ ለትልልቅ ቴሌቪዥኖች ተብሎ በተሠራ እንደ ኢኤሲ3 ባለ የድምፅ ኮዴክ ተዘጋጅቶ፣ ማጫወቻው ያንን ለመፍታት ፈቃድ ስለሌለው ነው። ያው ፋይል ቪኤልሲ በሚባለው ማጫወቻ ሲከፈት ድምፁ ይመጣል።

ማመቅ ለምን አስፈለገ? ሒሳቡ ራሱ ይናገራል። ፉል ኤችዲ የሚባለው ምስል 1920 በ1080፣ ማለትም ከሁለት ሚሊዮን በላይ ነጥቦች አሉት። እያንዳንዱ ነጥብ ለቀለሙ ሦስት ባይት ይፈልጋል። በሰከንድ 25 ምስል ስናሳልፍ 155 ሜጋባይት ያህል ይሆናል፤ የሁለት ደቂቃ ትሬለር ሳይታመቅ ከ18 ጊጋባይት በላይ ይመዝናል ማለት ነው። አነስተኛ ሚሞሪ ካርድ ይህን አንድ ትሬለር አይችለውም። ያው ትሬለር በኤች.264 በሰከንድ 5 ሜጋቢት ተደርጎ ሲታመቅ 75 ሜጋባይት ይሆናል። መጠኑ ወደ 360 መስመር ወርዶ ሲዘጋጅ 10 ሜጋባይት አካባቢ ይገባል። ዩቲዩብ ላይ 144ፒ ተብሎ የሚታየው የመጨረሻው ዝቅተኛ ደረጃ ደግሞ ሁለት ሜጋባይት ቢሆን ነው።

ይህ ሁሉ ክብደት የሚቀነሰው በመተው ነው። ኮዴኩ በመጀመሪያ አንድ ሙሉ ምስል ይልካል፤ ከዚያ በኋላ የተለወጠውን ብቻ ይናገራል። ሁለት ሰዎች ቡና ተፈልቶ ቁጭ ብለው ሲያወሩ ግድግዳው፣ መጋረጃውና ረከቦቱ አይንቀሳቀሱም፤ አንዴ ከተላኩ ይበቃል። አንዱ ራሱን ሲያዞር ኮዴኩ ፊቱን እንደገና አይስልም፤ ይህ ቁራጭ ከዚህ ወደዚያ ተነሥቷል ብሎ ትእዛዝ ይሰጣል። ቀለምን በተመለከተም የሰው ዓይን ከብርሃንና ጨለማ ልዩነት ይልቅ የቀለምን ልዩነት በደንብ ስለማይለይ፣ የቀለሙ መረጃ በቁመትም በስፋትም በግማሽ ይቀነሳል። ይህን የቀለም ነገር አንባቢ ይያዝልኝ፤ ወደ ፊደላችን ስንመጣ እመለስበታለሁ።

ትሬለር ለዚህ ስልት አስቸጋሪ ደንበኛ ነው። ፊልሙ ውስጥ አንድ ትዕይንት ደቂቃ ሊቆይ ይችላል፤ ትሬለሩ ውስጥ ግን በየሰከንዱ ምስል ይቆረጣል። በተቆረጠ ቁጥር ከቀድሞው የሚወረስ ነገር ስለሌለ ኮዴኩ አዲስ ሙሉ ምስል መላክ አለበት። በዚያ ላይ ብልጭታ፣ ጭስ፣ አቧራ፣ ቀስ እያለ ወደ ጨለማ የሚገባ ምስል ይጨመርበታል፤ ኮዴክን የሚያስጨንቁት እነዚህ ናቸው። በደካማ መስመር ትሬለር ሲታይ ድርጊቱ በጋለበት ቦታ ላይ ምስሉ በአራት ማዕዘን ቁርጥራጭ የሚሞላው ለዚህ ነው። አዘጋጁ ተመልካችን ይማርካል ብሎ ብዙ የደከመባቸው ሰከንዶች ናቸው ቀድመው የሚበላሹት።

ትሬለርን በኢንተርኔት ለማሳየት የተደረገው ፉክክር ጥንታዊ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ሦስት ድርጅቶች ተፋጠው ነበር። አፕል በ1991 ያወጣው ኩዊክታይም ነበረው። ከማይክሮሶፍት የወጣው ሮብ ግሌዘር በ1994 ያቋቋመው፣ በኋላ ሪልኔትወርክስ የተባለው ድርጅት ደግሞ በ1995 ድምፅን፣ በ1997 ቪዲዮን እያወረዱ ማየት የሚያስችል ሥርዓት ይዞ ቀረበ። ማይክሮሶፍትም ዊንዶውስ ሚዲያን ከራሱ ዊንዶውስ ጋር አብሮ ሰጠ። የአንድ ፊልም ትሬለር ያለበት ገጽ ሲከፈት ተመልካቹ ሦስት ምልክት ተደርድሮ ያገኛል፤ ከመምረጡ በፊት ማጫወቻውን ማውረድና መጫን ይጠበቅበታል። ከፉክክሩ ሁሉ ጎልቶ የወጣው መጋቢት 1999 ነው። ሉካስፊልም የ«ስታር ዋርስ» የመጀመሪያ ክፍልን ትሬለር ከአፕል ጋር ተስማምቶ በኩዊክታይም ሲለቅ በቀናት ውስጥ በሚሊዮን የሚቆጠር ጊዜ ወረደ። ትሬለር በራሱ ሰውን ኢንተርኔት ላይ የሚያስቀምጥ ነገር መሆኑ የታወቀው ያን ጊዜ ነው።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1997 ኢንተርኔት ከገባላት ያን ጊዜ ገና ሁለት ዓመቷ ነበር። በስልክ መስመር በሚሠራ 56 ኪሎቢት ሞደም፣ መስመሩ ሙሉ ፍጥነቱን ቢሰጥ እንኳ፣ ሃያ ሜጋባይት የሚመዝን ትሬለር ለማውረድ 48 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ያን ሁሉ ጊዜ የስልኩ ቆጣሪ ይቆጥራል። ለምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች ይህ ፉክክር በሩቅ አገር የሚደረግ ጉዳይ ነበር።

የኛ አካባቢ የፎርማት ታሪክ በሌላ መንገድ ነው የሄደው። መጀመሪያ ቪዲዮ ቤት ነበረ፤ ካሴቱ ሲገባ ከፊልሙ በፊት የሌሎች ፊልሞች ማስታወቂያ ይመጣል፣ ውጭ ደግሞ የዕለቱ ፊልም ስም በሰሌዳ ይጻፋል። ቀጥሎ ቪሲዲ መጣ። ደረጃው እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣ፣ 352 በ288 ነጥብ ባለው ምስል የሚሠራ ነው። አንዱ ዲስክ 74 ደቂቃ ያህል ስለሚይዝ አንድ የአማርኛ ፊልም በሁለት ሲዲ ይሸጥ ነበር፤ የመጀመሪያው ሲያልቅ ተነሥቶ ሁለተኛውን መክተት የቤተሰቡ ታናሽ ሥራ ነው። ብዙ ሰው ስለ ቪሲዲ ሲያነሳ ጥራቱን ያማርራል። እኔ ግን ትልቅ ነገር ያደረገ ፎርማት ይመስለኛል፤ ያለ ኢንተርኔት፣ ያለ ሲኒማ ቤት፣ በርካሽ ማጫወቻና በአንድ ቴሌቪዥን የአማርኛ ፊልምን ከነትሬለሩ ገጠር ድረስ አስገብቷል።

ከዚያ ስልክ መጣ፣ ከስልኩም ጋር 3ጂፒ። 3ጂፒ ለሞባይል ተብሎ የተሠራ መያዣ ነው፤ በብዛት የታየበት መጠን 176 በ144 ነጥብ ነው፣ ከቪሲዲው ሩብ ማለት ነው። ድምፁ ብዙ ጊዜ ኤኤምአር በሚባል፣ ለስልክ ንግግር በተዘጋጀ ኮዴክ የታመቀ ነው፤ ንግግርን በደንብ ይይዛል፣ ሙዚቃን ግን ያደቃል። የከተማ ሞባይል ቤቶች ኮምፒውተር ላይ «ፎርማት ፋክቶሪ» የሚባለው ፕሮግራም የማይጠፋበት ዘመን ነበር። ፊልሙን፣ ክሊፑን፣ ኮሜዲውን ከሲዲ አውጥቶ ወደ 3ጂፒ ይለውጣል፤ ከዚያ ሚሞሪ ላይ ይጫናል።

ሚሞሪ የሚጭነው ሰው በእኔ ዓይን የዚህ ሁሉ ታሪክ ዋና ባለሙያ ነው። የካሊፎርኒያ ድርጅቶች በስብሰባ የሚከራከሩበትን ጉዳይ እሱ በአንድ ጥያቄ ይጨርሰዋል፦ «አቦ፣ ስልክህ ምንድነው?» ባለ ቁልፍ ስልክ ከሆነ በትንሽ መጠን፣ ተች ከሆነ በኤምፒ4። ጊዜው ያለፈበት ቴክኖ ይዞ ለመጣ ገበሬና አዲስ ሳምሰንግ ለያዘ የኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ ተማሪ አንድ ዓይነት ፋይል አይሰጥም። የደንበኛው ስልክ ምን መፍታት እንደሚችል፣ ካርዱ ላይ ስንት ቦታ እንደቀረ፣ ባትሪው ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ያውቃል። አዲስ አበባ የሚገኝ የፊልም አዘጋጅ ከዚህ ሰው ጋር አንድ ሰዓት ተቀምጦ ቢያወራ ስለ ተመልካቹ ብዙ ነገር ይረዳል።

ወደ ዓለሙ ፉክክር ልመለስ፤ ማን እንዳሸነፈ ማወቅ ለኛም ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. 2005 ላይ ሁለት ነገሮች ጎን ለጎን ተከሰቱ። አፕል በኩዊክታይም 7 ኤች.264ን ይዞ መጣ፤ በገጹ ላይ የሚታዩት ትሬለሮች ጥራት ያን ጊዜ ወደር አልነበረውም። በዚያው ዓመት ዩቲዩብ ተከፈተ። የዩቲዩብ ምስል 320 በ240 የሆነ፣ ብዥ ያለ፣ በፍላሽ ቪዲዮ የሚሠራ ነበር። ያሸነፈው ብዥ ያለው ነው። ፍላሽ ማጫወቻ በብዙ ሰው ኮምፒውተር ላይ አስቀድሞ ስለነበረ ተመልካቹ ምንም ሳይጭን፣ ምንም ሳይመርጥ፣ ነካ አድርጎ አየ። ሰዎች ስለ ፎርማት ሲከራከሩ የምስል ጥራትን ብቻ ሲያነሱ ይህ ታሪክ ትዝ ይለኛል። የፎርማት ዕጣ የሚወሰነው በደካማው መሣሪያና በቀጭኑ መስመር ላይ ነው።

ፍላሽም አልቆየም። በ2007 የወጣው አይፎን አልተቀበለውም፤ በ2010 ስቲቭ ጆብስ ለምን እንደማይቀበለው በግልጽ ጻፈ፤ በ2020 መጨረሻ ድጋፉ ተቋረጠ። በዊንዶውስ ላይ ይሠራ የነበረውን ኩዊክታይምም አፕል በ2016 ትቶታል። የሪልኔትወርክስና የማይክሮሶፍት ጠብ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2005 ማይክሮሶፍት 761 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ ስምምነት ፈርሞ ተዘጋ። ከሦስቱም ፍጥጫ ተርፎ የወጣው የማንም ድርጅት የብቻ ንብረት ያልሆነው፣ በ2003 እንደ ዓለም አቀፍ ደረጃ የጸደቀው ኤች.264 ነው፤ ኤምፒ4 ውስጥ ተቀምጦ።

እሱም ቢሆን ያለ ክርክር አልሄደም። ደረጃ ነው ማለት ነጻ ነው ማለት አይደለም፤ በውስጡ የብዙ ድርጅቶች የፈጠራ መብት አለበት፣ ስልክ የሚሠራውና ሶፍትዌር የሚያወጣው ፈቃድ ይከፍላል። ፋየርፎክስን የሚሠራው ሞዚላ ለረጅም ጊዜ አልቀበልም ብሎ ነበር፤ በ2013 ሲስኮ የፈቃዱን ወጪ ራሱ ችሎ ኮዴኩን በነጻ ለመስጠት ሲነሳ ነገሩ ረገበ። ጎግል በበኩሉ ኦን2 የሚባለውን ድርጅት ገዝቶ በ2010 ቪፒ8ን፣ በ2013 ቪፒ9ን ያለ ክፍያ ለቀቀ። የኤች.264 ተተኪ ተብሎ በ2013 የወጣው ኤች.265 በግማሽ ክብደት ያንኑ ጥራት ለመስጠት የታሰበ ነበር፤ ፈቃድ ሰብሳቢዎቹ በየቡድኑ ተከፋፍለው እያንዳንዱ የየራሱን ሒሳብ ስለጠየቀ ግን በኢንተርኔት ላይ እንደታሰበው አልተስፋፋም። ጎግል፣ አማዞን፣ ኔትፍሊክስ፣ ሞዚላና ሌሎችም በ2015 ተባብረው በ2018 ያወጡት ኤቪ1 ከዚህ ብሶት የተወለደ ነው። ሐሳቡን እደግፋለሁ፤ የኮዴክ ክፍያ በመጨረሻ የሚያርፈው በርካሽ ስልክ ዋጋ ላይ ነውና። ችግሩ ኤቪ1 ለመፍታት ከባድ መሆኑ ነው። ለዚያ የተዘጋጀ ቺፕ የሌለው ስልክ በዋናው አንጎሉ ለመፍታት ይታገላል፣ ይሞቃል፣ ባትሪ ይበላል። መብራት በጠፋበት ቀን ባትሪ ከዳታ ይበልጣል።

ዛሬ ትሬለር በዩቲዩብ የሚያይ ሰው ይህ ሁሉ አይታየውም፤ ምርጫውን መሣሪያዎቹ እርስ በርስ ይጨርሱታል። ትሬለሩ በብዙ ደረጃ ተዘጋጅቶ እያንዳንዱ ደረጃ በጥቂት ሰከንድ ቁራጭ ተከፋፍሎ ይቀመጣል። ስልኩ አንዱን ቁራጭ ሲያወርድ የፈጀበትን ጊዜ ለክቶ ቀጣዩን ከየትኛው ደረጃ እንደሚወስድ ይወስናል። ኔትወርኩ ሲወርድ ምስሉ ድንገት የሚደበዝዘው፣ ሲመለስ የሚጠራው በዚህ ነው። ዘዴው ድንቅ ነው፣ ግን መስመር መኖሩን ይጠይቃል። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ገደማ ሲቋረጥ ዩቲዩብ ላይ ያለ ነገር ሁሉ አብሮ ጠፋ፤ ሚሞሪ ላይ ያለው ፋይል ግን ዜንደርና ሼርኢት በሚባሉት የፋይል ማስተላለፊያ መተግበሪያዎች ከእጅ ወደ እጅ መሄድ ይችል ነበር። ፋይል ሆኖ የተቀመጠና እየወረደ የሚታይ ቪዲዮ ለኛ አንድ አይደሉም የምለው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ፊደሉ። በዝቅተኛ ደረጃ የሚታይ ትሬለር ላይ በጣም የሚጎዳው የፊልሙ ስም ነው። በ144 መስመር ምስል ውስጥ አንድ የርዕስ ፊደል አሥር ነጥብ ያህል ቁመት ብታገኝ ጥሩ ነው። በ፣ ቡ፣ ቢ፣ ባ የሚለያዩት በአንዲት ቅጥያ ወይም በእግር ርዝመት ነው፤ ያቺ ቅጥያ አንድ ወይም ሁለት ነጥብ ብቻ ትይዛለች። ኮዴኩ ደግሞ ጥቃቅን ነገርን ቀድሞ የሚጥል ነው። ስለዚህ ቅጥያዋ ትጠፋና ስሙ ሌላ ስም ይሆናል። በቁቤ የሚጻፍ የአፋን ኦሮሞ ርዕስም አያመልጥም፤ ድርብ አናባቢዎቹ ተጣብቀው እንደ አንድ ይነበባሉ፣ ትርጉሙም አብሮ ይለወጣል። የባሰው ደግሞ የድርጊት ፊልም አዘጋጆች የሚወዱት በጥቁር ላይ ቀይ ጽሑፍ ነው። የቀለም መረጃ በግማሽ እንደሚቀነስ ቀደም ብዬ ተናግሬያለሁ፤ በ144 መስመር ምስል ቀለሙ 72 መስመር ብቻ ነው የሚያገኘው። ቀይ ከጥቁር የሚለየው በአብዛኛው በቀለሙ እንጂ በብርሃኑ ስላልሆነ ፊደሉ ተቀባብቶ የቀይ ጭጋግ ይመስላል። ነጭ ወይም ቢጫ ጽሑፍ ግን በብርሃኑ ስለሚለይ በዚያው መስመር ላይ ይነበባል። ወፍራሙ ድምፅ የፊልሙን ስም ጮክ ብሎ የሚናገርበት አሮጌው ልማድ እንዳይቀር የምመኘውም ለዚህ ነው፤ ጽሑፉ ሲጠፋ ድምፁ ይተርፋል።

የኢትዮጵያ ፊልሞች ትሬለር ዛሬ ከአገር ውጭ ያለ ምንም ችግር ይታያል። «ድፍረት» እ.ኤ.አ. በ2014 ሰንዳንስ ላይ የተመልካቾችን ሽልማት ሲያገኝ፣ የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» በ2015 ካን ላይ ሲቀርብ፣ ዋሽንግተን ያለ ሐበሻ ትሬለሩን በጥራት አየ። ያንኑ ትሬለር በደሳ ላይ ለማድረስ የሚያስፈልገው ነገር ውድ አይደለም። አዘጋጁ ዩቲዩብ ላይ ከሚሰቅለው ጎን አንድ ተጨማሪ ፋይል ያውጣ፦ ኤምፒ4 መያዣ፣ ኤች.264 ምስል፣ ኤኤሲ ድምፅ፣ 360 መስመር፣ ከ10 ሜጋባይት ያልበለጠ። ቴሌግራም ላይ ሲለቀው በቪዲዮ መልክ ሳይሆን በፋይል መልክ ይላከው፤ በቪዲዮ መልክ ከሄደ መተግበሪያው እንደገና ያምቀዋል፣ ሁለት ጊዜ የታመቀ ምስል ደግሞ ሁለት ጊዜ ይደኸያል። የሌሊት ትዕይንቱን ትንሽ ያብራው፤ ርዕሱን በነጭ፣ ከማያ ገጹ ቁመት ቢያንስ አንድ ስድስተኛውን እንዲይዝ አድርጎ ይጻፈው፣ ለሦስት ሰከንድም ያቆየው። ይህን ፋይል ጭሮ፣ ሂርና፣ በደሳና ገለምሶ ያሉ ሚሞሪ ጫኞች ምንም ሳይለውጡ በቀጥታ ሊጭኑት ይችላሉ።